በራውዳ ራስጌ የተገኙት ክሮች

ረቡዕ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ አፌ በጥርስ ሳሙና አረፋ ተሞልቶ ከቤቱ ጀርባ ቆሜ ሳለሁ፣ የአከራዬ ዶሮ ከምንቃሯ ቀይ ክር አንጠልጥላ በአጠገቤ እየሮጠች አለፈች። ከዶሮዋ ኋላ አከራዬ አዴ ዙበይዳ፣ ከአዴ ዙበይዳ ኋላ ልጃቸው ራውዳ ይሮጣሉ። እነሱ የሚሮጡት ዶሮዋ ልትታነቅ ነው ብለው ነው። እኔ ግን በቆምሁበት ደርቄ ቀረሁ። ክሩን አውቄዋለሁ። በዋዜማው ማታ ከእራት በኋላ ከመንጋጋ ጥርሶቼ መሐል ያወጣሁት የራሴ ክር ነበር።

እዚህ ላይ ዶሮዋ ትንሽ ትሩጥና፣ ክር ከሰው ጥርስ መሐል ምን እንደሚሠራ ላስረዳ። አለዚያ እናንተም እንደ መንደራ ቆጪ ሰፈር ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ትፈርዳላችሁ፤ የምትጠይቁት በኋላ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ለጅማ በባዮሎጂ መምህርነት ስመደብ ጓዜ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ፍራሽና አንድ የታመመ መንጋጋ ነበር። ሻንጣውና ፍራሹ አዴ ዙበይዳ ግቢ ውስጥ በተከራየሁት ክፍል ተቀመጡ፤ መንጋጋው ግን አላስቀምጥ ስላለኝ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። እኔ ስስቅ አፌን በነጠላ የምሸፍን፣ ሰው ፊት በቆሎ የማልግጥ ሰው ነኝ። ሐኪሙ «አፍሽን ክፈቺ» ሲለኝ ከንፈሬን ገርበብ አደረግሁለት። ጎንበስ ብሎ አየና፣

«እህቴ፣ በቁልፍ ቀዳዳ ጥርስ አይነቀልም» አለኝ።

በመጨረሻ ነቀለው። ከነቀለ በኋላ ጥርሴን በመቆንጠጫ ይዞ እያሳየኝ ሌሎቹ እንዳይከተሉት ምን ማድረግ እንዳለብኝ ነገረኝ። ቡርሹን እንደ ወለል መፈግፈጊያ አታመላልሺ፤ ድድሽ ሥር አጋድመሽ በትንንሹ እያዞርሽ ውጩንም ውስጡንም አዳርሺ። ጠዋትና ማታ። ማታ ከቡርሹ በፊት ደግሞ በየጥርሱ መሐል ክር አሳልፊ። «ቡርሽ የሚያጥበው የጥርስን ፊት ነው፤ ሌባው የሚያድረው መሐል ነው» አለኝ። ክር ከየት አመጣለሁ ብዬ ስጠይቀው፣ ጠንካራ የልብስ ክር ሰም ቀባ አድርጊበት፣ በደንብ ያልፋል አለ። መጀመሪያ መጀመሪያ ድድሽ ይደማል፣ አትደንግጪ ብሎም አስጠነቀቀኝ።

አልደነገጥሁም። የሚደነግጡት ሌሎች እንደሚሆኑ ግን አልነገረኝም።

ምክር መስማት ቀላል ነው፤ ልማድ ማድረጉ ነው አበሳው። በመጀመሪያው ሳምንት ማታ ማታ ወይ እረሳለሁ ወይ ይደክመኛል። አንድ ቀን ቡርሹን አፌ ውስጥ እንደያዝሁ ጋደም ብዬ፣ ጠዋት ቡርሹ ጉንጬ ሥር፣ ትራሴም ነጭ ሆኖ ተገኘ። የጥርስ ሳሙና ደግሞ በቀበሌው ሱቅ በስሙ ብቻ የሚታወቅ ነገር ስለሆነ፣ ወንድሜ ከአዲስ አበባ የላከልኝን ቱቦ በምላጭ ሰንጥቄ ውስጡን እየላስሁ ነበር የምጠቀመው። ያን የመሰለ ሳሙና ትራስ ላይ ማፍሰስ ሐጢአት ነው። ስለዚህ ነገሩን ከእራት ጋር አሠርሁት። እራት በልቼ የታጠብሁት እጄ ሳይደርቅ፣ ወንበር ላይ ተመልሼ ሳልቀመጥ፣ በቀጥታ ወደ ቤቱ ጀርባ። ክር፣ ከዚያ ቡርሽ፣ ከዚያ ወዲያ ምግብ ዝር አይልም። አዴ ዙበይዳ ማታ ማታ የተቀቀለ ጎደሬ ወይም ሙዝ ይዘው በሬን ሲያንኳኩ «ይቅርታ፣ አልበላም» እላቸው ጀመር። ለምን እንደማልበላ አልነግራቸውም። ስለ አፌ ማውራት አፍራለሁ።

ክሩን የሚሰጠኝ ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ነው፤ ትርፍራፊውን፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ የመጣለትን። ሰሙን ከቤተ ክርስቲያን ካመጣሁት ጧፍ አገኘሁ። ሰም የተቀባ ክር ከጣት እያመለጠ ሲያስቸግረኝ ጫፍና ጫፉን ቋጥሬ ማንጠልጠያ አበጀሁለት፤ ለጣት መያዣ። አንዱን ክፍተት እንዳልዘል ደግሞ የጥርሶቹን ስም በሹክሹክታ እጠራለሁ። የማስተምረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ በዚያው ለክፍል እዘጋጃለሁ፤ ኢንሳይዘር፣ ካናይን፣ ፕሪሞላር፣ ሞላር። ይህን ሁሉ የማደርገው ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው፤ ሰው እንዳያየኝ።

የቀረው ደም የነካው ክር የሚጣልበት ቦታ ነበር። ቆሻሻ መድፊያው ላይ እንዳልጥለው ሰው ያየዋል። መጸዳጃ ቤቱ ዘንድ በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ ሰው አለ። የጭቃው ግድግዳ ግን ከጀርባ በኩል አንድ ጥሩ ስንጥቅ ነበረው። ጥቅልል አድርጌ እዚያ እወትፈዋለሁ፤ ከውጭ አይታይም። ከውስጥ በኩል ያ ስንጥቅ የሚደርሰው እስከ ራውዳ አልጋ ራስጌ መሆኑን አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ወደ ዶሮዋ እንመለስ።

አዴ ዙበይዳ ዶሮዋን ያዟትና ክሩን ስበው አወጡት። ወደ ብርሃን አቀረቡት። ቋጠሮውን አዩ፣ ሰሙን አዩ፣ ደሙን አዩ። ከዚያ ዶሮዋ የጫረችውን ስንጥቅ አዩና ጣታቸውን ሰደዱ። አረንጓዴ ወጣ። ጥቁር ወጣ። ቀይ ወጣ። እያንዳንዱ ሲወጣ «ያ ረቢ» ይላሉ፤ ድምፃቸው ግን እየቀነሰ ይሄዳል። በመጨረሻ ከንፈራቸው ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው።

እዚህ አገር ሲህር፣ ማለትም ድግምት፣ የሚሠራ ሰው ክር እንደሚቋጥር፣ ቋጠሮው ላይ እንደሚተፋበት፣ የማይታወቅ ስም እየጠራ የሚታሠረው ሰው በሚተኛበት ቦታ እንደሚደብቀው ሕፃን ሽማግሌው ያውቃል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ሳላውቅ ግን ከሥርዓቱ አንዲት ነገር አላጓደልሁም።

ራውዳ ደግሞ የታጨች ልጅ ነች። እጮኛዋ ነዚፍ በአጋሮ መንገድ ቡና የሚጭን ሹፌር ነው፤ በደጃችን ባለፈ ቁጥር ጥሩምባውን ሳይነፋ አይሄድም ነበር። ድንገት ጠፋ። የጋብቻቸው ኒካህ አንድ ጊዜ ተላለፈ፤ እሺ ተባለ። ሁለተኛ ተላለፈ፤ ሰፈሩ ማንሾካሾክ ጀመረ። ሦስተኛ ከተላለፈ ልጅቷን የሚፈልጋት አይኖርም፤ እናትየው ይህን እያሰቡ እንቅልፍ ካጡ ሰንብተዋል።

«ይሄ ያንቺ ነው?» አሉኝ ክሮቹን በመዳፋቸው ይዘው።

አፌ አረፋ ሞልቷል። ታላቅ ሰው ፊት እንትፍ አይባልም። አፍ ሞልቶም አይመለስም። ስለዚህ ዋጥሁት። ያ ሳሙና ጉሮሮዬን እያቃጠለ ሲወርድ ዓይኖቼ እንባ አቀረሩ።

«አለቀሰች» አሉ አዴ ዙበይዳ ወደ ልጃቸው ዞረው። «አየሻት? አልካደችም።»

«አዴ፣ እኔ…» ከማለቴ ከአፌ የአረፋ ኳስ ወጥታ ፈነዳች። ሁለቱም ወደ ኋላ ሸሹ።

«ስሚ ኢንተላ» አሉኝ። ኢንተላ «ልጄ» ማለት ነው፤ ያን ቀን ግን እንደዚያ አልመሰለም። «ከአስር ሰላት በኋላ ሼህ ሙክታር ይመጣሉ። እሳቸው ንጹሕ ነች ካሉ ንጹሕ ነሽ። አይደለችም ካሉ ዛሬውኑ ፍራሽሽን ታወጫለሽ። የልጄን ኒካህ ያሠረ ሰው እኔ ጣሪያ ሥር አያድርም።»

ትምህርት ቤቱ የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ላይ ስለነበር የምሸሸበት ክፍል እንኳ አልነበረኝም። ፍራሼ ላይ ተቀመጥሁ። ሙሽራ ያሠረች አስተማሪ ከተባልሁ በጅማ የሚያከራየኝ ማነው? ልጁን እኔ ክፍል የሚልክስ ማነው? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ የኔው ድር ግን አንበሳውን ትቶ ሹፌር ነው ያሠረው።

ስድስት ሰዓት ገደማ ራውዳ በመስኮት ብቅ አለች።

«መምህርት፣ ከጠላሽኝ ፊት ለፊት አትነግሪኝም ነበር?»

«ራውዳ፣ ጥርሴን ነው ያጸዳሁበት።»

«እኔ ራስጌ ላይ?»

«ራስጌሽ መሆኑን አላወቅሁም።»

«ነዚፍን ወደሽው ነው?» አለችኝ።

ይህን ስሰማ የመስኮቱን ዘንግ ይዤ ቆምሁ። «ነዚፍን መንገድ ላይ እንኳ ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም።»

«አንቺ ማንንም ቀና ብለሽ አይተሽ አታውቂም። ይሄማ ማስረጃ አይሆንም» ብላ ሄደች።

ከአስር ሰላት በኋላ ሼህ ሙክታር መጡ። ነጭ ጢማቸውን የሚያሹ፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ናቸው። ሳሎን ውስጥ ተቀመጡ፤ ክሮቹ ሰፌድ ላይ ሆነው መሐል ቀረቡ፤ እኔ በሩ ሥር ቆምሁ፤ ራውዳ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነች። ገና ቢስሚላህ ከመባሉ የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ጓድ በየነ ጠመንጃውን እንዳነገተ ገባ። ማንም አልጠራውም። ሰው ሲሰበሰብ ይሸተዋል።

«ስብሰባው ምንድን ነው?» አለ። ተነገረው። ሰፌዱ ላይ ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ። ፊቱ እየጠበበ ሄደ።

«ቀዩ ምንን ያመለክታል?» አለኝ።

«ምንም፤ ክር ነው።»

«አረንጓዴውስ? ቋጠሮው ጫፍና ጫፍ ላይ የሆነው በምን ምክንያት ነው? ግድግዳ ውስጥ አስቀምጠሽ የሚወስደው ማነው?»

ያን ጊዜ ነው ሁለት ክስ እንዳለብኝ የገባኝ፤ በአንዱ ጠንቋይ ነኝ፣ በሌላው ፀረ አብዮት መልእክተኛ። የትኛው እንደሚሻለኝ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

«ጓድ፣ ተራዎን ይጠብቁ» አሉት ሼሁ። ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ይሄን ያሠርሽው ለማን ነው?»

«ለራሴ።»

አዴ ዙበይዳ ደረታቸውን መቱ። «ራሷን ነው ያሠረችው። ለዚህ ነዋ ሰው የማታናግረው።»

«አይ፣ ለጥርሴ ማለቴ ነው…» ነጠላዬ አፌ ላይ ስለነበር ድምፄ ከሩቅ ነው የሚሰማው።

«እኔ ልናገር» አሉ አዴ ዙበይዳ። «እራት በልታ ከቤት ጀርባ ትሄዳለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ትተፋለች። ስም ትጠራለች። ካናይን ትላለች፣ ሞላር ትላለች። ከዚያ በኋላ ምግብ ብሰጣት አትቀምስም። ወላሂ፣ እኔ ጾም መስሎኝ ነበር።»

ጓድ በየነ ቀና አለ። «ጓድ ሞላር የት መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው?»

«መንጋጋ ነው» አልሁ።

«የመሥሪያ ቤቱ ስም ነው?»

ሼሁ ጢማቸውን አሹ። «ሰው በወሬ አይፈረድበትም፤ በወሬም አይፈረድለትም። ለጥርስ ነው ካልሽ አሳዪን።»

አሳዪን። ሐኪም እንኳ ለምኖ ያየውን አፍ፣ ለሼህ፣ ለጠመንጃና ለመጋረጃ ልከፍት ነው። ጆሮዬ ጋለ። ግን ፍራሼን ተሸክሜ በመንደራ ቆጪ መንገድ ስሄድ ታየኝ። ከኪሴ አዲስ ክር አወጣሁ፣ ቋጠርሁ፣ ጣቶቼን ማንጠልጠያው ውስጥ ከተትሁ፣ ነጠላዬን ወረወርሁና አፌን ከፈትሁ።

ሼህ ሙክታር መነጽራቸውን አድርገው ቀረቡ። ጓድ በየነም በትከሻቸው ላይ አንገቱን አሰገገ። ክሩን በፊት ጥርሶቼ መሐል አሳለፍሁ፤ አተኩረው አዩ። ወደ ኋላ ሄድሁ። መንጋጋዎቼ ዘንድ ሲደርስ ክሩ ያዘ። ሳብሁት፤ እንቢ አለ። ጠንከር አድርጌ ስስበው ጧ ብሎ ወጣ፤ ከምሳ የቀረች የጎመን ቅጠል አብራው ወጥታ በጓድ በየነ ሸሚዝ ላይ፣ ደረቱ ላይ ካለው አርማ አጠገብ አረፈች። ጓድ በየነ ቁልቁል ተመለከታት።

«ይሄ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር?» አሉ ሼሁ በጣም ዝግ ብለው።

ልክ በዚያች ደቂቃ፣ አፌ እንደተከፈተ ሁለት ጣቶቼም ውስጡ እንዳሉ፣ የነዚፍ አጎት አባ ኦሊ «አሰላሙ…» እያሉ በበሩ ገቡና ሰላምታውን ግማሹ ላይ ዋጡት። የመጡት ከበቾ ቦሬ ሰፈር ነው፤ ነዚፍ ከርሳቸው ቤት ነው የሚኖረው። ፊታቸውን ያየ ሰው ሁሉ ለምን እንደመጡ ገባው። ሦስተኛው መተላለፍ ነው።

አዴ ዙበይዳ ሰፌዱን አንስተው ከአፍንጫቸው ሥር አቀረቡላቸው። «ይኸው አባ ኦሊ፣ ልጁን ያሠረው ተገኘ። ራውዳ ራስጌ ነበር።»

አባ ኦሊ ክሮቹን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገር በፊታቸው ላይ አየሁ፤ ትልቅ እፎይታ።

«አልሐምዱ… አስተግፊሩላህ» አሉ። «እኛም ጠርጥረን ነበር። ልጁ እኮ በጤናው አይደለም፤ ታሥሮ ነው። አዎ፣ አዎ፣ ሲህር ነው።»

አለቀልኝ ብዬ አሰብሁ። ጎመኗ እንኳ አላዳነችኝም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ኖሬያለሁ፣ ያን ቀን ግን ዝም ካልሁ የሚገባው ዝንብ ብቻ እንዳልሆነ ታየኝ። ክሩን ከጥርሴ ሳላወጣ ጠየቅሁ።

«አባ ኦሊ፣ ነዚፍ የታሠረው ምኑ ነው?»

«ምኑ ማለት?»

«እግሩ ነው? ምላሱ ነው?»

«ያው እንዲሁ… ከቤት መውጣት አቃተው» አሉና፣ ይህን ሲሉ ቀኝ እጃቸው ሳያስቡት ወደ ራሳቸው ጉንጭ ወጣ።

አየሁት። የታመመ ጥርስ ያስታመመ ሰው ስለ በሽተኛው ሲያወራ የራሱን ጉንጭ ይይዛል። እናቴም ለኔ እንዲያ ነበረች።

«ምን ይበላል?»

«አጥሚት።»

«በየትኛው ጎኑ ነው የሚተኛው?»

«በግራ። ቀኙንማ እንዴት አድርጎ…» አሉና አፋቸውን ያዙ።

«አባ ኦሊ፣ አላህን ይፍሩ» አሉ ሼህ ሙክታር።

አባ ኦሊ ኮፊያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ጉንጩ ትርንጎ አክሏል። መንጋጋው በስብሶ። ሙሽራ ጉንጩ አብጦ ኒካህ ላይ ቢቀመጥ የሙሽራዋ ዘመድ ምን ይላል? ዛሬ ይጎድላል፣ ነገ ይጎድላል እያልን ነው እዚህ የደረስነው።»

«ሐኪም ቤትስ?» አሉ አዴ ዙበይዳ።

«ፒንሳ ይፈራል።»

«ያ በዝናብ ጭነት ይዞ የአጋሮን ዳገት የሚወጣው ሰውዬ?» አለ ጓድ በየነ።

«ዳገቱ ፒንሳ አልያዘማ።»

መጋረጃው ተገለጠና ራውዳ ወጣች። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ እጆቿን ዘረጋች፤ የደበዘዘ ሂና ይታይባቸዋል።

«ሁለት ጊዜ ሂና ተቀብቼ ሁለት ጊዜ እጄ ላይ የጠፋው ለአንድ ጥርስ ነው?» አለች። «አባ ኦሊ፣ ማሎ፣ እባክዎ ይንገሩልኝ። ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ካልሄደ ልብስ ሰፊው ዘንድ ካለው መቀስ ጋር እኔ እመጣለሁ።»

«በመቀስ ጥርስ አይነቀልም» አልሁ፤ አስተማሪ ነኝና።

«እሱ መቼ ያውቃል» አለች።

ነገሩ በዚህ አለቀ። ቢያንስ አለቀ መስሎኝ ነበር። ነዚፍ በማግስቱ በጠዋት እንዲነቀልለት፣ ኒካሁም እብጠቱ እንደጎደለ እንዲሆን ተስማሙ። ጓድ በየነ ጎመኗን በጣቱ ጫፍ አንስቶ ለዚህ ግለሂስ ማድረግ እንዳለብኝ ነግሮኝ ወጣ። አዴ ዙበይዳ ግንባሬን ሳሙኝ።

«አፉ በይኝ ኢንተላ። አጥፍቻለሁ። ክሮቹን ግን…»

«እ?»

«ጠዋት ትፈቻቸዋለሽ።»

በጣም ደነገጥሁ። «አዴ፣ የጥርስ ክር ነው እኮ። አላመኑኝም?»

«አምኜሻለሁ እንጂ። ወላሂ አምኜሻለሁ። መፍታቱ ግን ምን ይጎዳል?» ወደ ሼሁ አዩ።

ሼህ ሙክታር ጣሪያውን ተመለከቱ። «ሲህር አይደለም» አሉ። ጢማቸውን አሹና፣ «መፍታትም ግን ሐራም አይደለም።»

ሐሙስ ጠዋት ጥርሴን ታጥቤ በረንዳው ላይ ዱካ ስቤ ተቀመጥሁ። አዴ ዙበይዳ ሰፌዱን እግሬ ሥር አድርገው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ፤ አንዱም እንዳይዘለል ነው። ሰም ያለው ክር ረጥቦ ሲደርቅ ቋጠሮው ጠጠር ይሆናል። በጥፍሬ ሞከርሁ፤ ጥፍሬ ተሰበረ። በመርፌ ሞከርሁ፤ ጣቴን ወጋኝ። በመቀስ ልቁረጠው ስል «መቁረጥ መፍታት አይደለም» አሉኝ። ስለዚህ ያን ሁሉ ሳምንት ያጸዳኋቸውን ጥርሶች ገልጬ ያጸዳሁባቸውን ክሮች በጥርሴ እየነከስሁ እፈታ ጀመር። መንገድ የሚያልፍ ሰው በአጥሩ በኩል ይቆምና ያያል። አዴ ዙበይዳም «አይዞሽ፣ ያችኛዋ ደግሞ» ይላሉ።

ፀሐይ በረንዳው ላይ ስትደርስ አንዲት ጥቁር ክር ቀረች። ከሁሉም የባሰች እሷ ነበረች። ከወዲህ ነከስኋት፣ ከወዲያ ነከስኋት፤ ብዙ ታግላ ተፈታች። የተፈታችውን ክር ይዤ ቀና ስል የግቢው በር ተከፈተና አባ ኦሊ እያለከለኩ ገቡ።

«ወጣ» አሉ። «ነዚፍ ጥርሱ ወጣ። ጠዋቱን ሙሉ አልከፍትም ብሎ ሲታገላቸው ቆይቶ፣ አሁን በመጨረሻ እንደ ቅቤ ሙልጭ ብሎ ወጣ።»

አዴ ዙበይዳ እጄ ላይ ያለችውን ክር አዩ። አባ ኦሊን አዩ። እኔን አዩ። ከተቀመጡበት ቀስ ብለው ተነሡ፣ ወደ ውስጥ ገቡ፣ ማስታጠቢያውንና አዲሱን ሳሙና፣ ለሥርጉ የተቀመጠውን፣ ይዘው ወጡ። እናቴን የሚበልጡ ሴት ከፊቴ ጎንበስ ብለው ቆሙ።

«እጅዎን ይታጠቡ፣ መምህርት» አሉኝ።

አልታጠብም ብል ምን ያስቡ ይሆን ብዬ ፈራሁና ታጠብሁ።